ራጅ ያላየው የዝማም እግር

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ጨለማ ክፍሉን መጋዘን አደረጉት። የቀረ ዕቃዬን ልወስድ ሄጄ ነው ያየሁት። ፊልም የምናጥብበት ገንዳ ተነቅሏል፤ በቀይ አምፖሉ ቦታ ተራ አምፖል ተሰክቷል፤ የመድኃኒት ካርቶን እስከ ጣሪያው ድረስ ተደርድሯል። አሁን በሚሠሩት ልጆች አልፈረድኩም። ዛሬ ምስሉ ከማሽኑ ወጥቶ ቀጥታ ኮምፒውተር ላይ ይታያል፤ ጨለማ ውስጥ ቆሞ ፊልም የሚጠብቅ ሰው የለም። ግን በሩ ላይ ቆሜ ሳለ ያ ኮምጣጤ የሚመስለው የኬሚካል ሽታ ከግድግዳው ውስጥ አሁንም ይመጣ ነበር። ሽታው የዝማምን እግር አስታወሰኝ። ቤቴ ገብቼ ይህን መጻፍ የጀመርኩት በዚያው ዕለት ነው።

የራጅ ባለሙያ ነበርኩ። አስናቀች እባላለሁ። ሥራ የጀመርኩት ወልድያ ሲሆን ወደ ሰቆጣ የተዛወርኩት መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ማንም መሄድ አልፈለገም፤ እኔ ደግሞ ባልም ልጅም ስላልነበረኝ እምቢ የምልበት ምክንያት አጣሁ። ለአንድ ዓመት ብዬ ሄጄ እዚያው አረጀሁ። ስለ ደመወዙ ብዙ አላወራም፤ ከወር ወር ያደርሰን ነበር፣ አንዳንዴም አያደርሰንም።

ሰቆጣ ስደርስ የተቀበሉኝ ጋሽ ደምሴ ናቸው። የአገሩ ተወላጅ ናቸው። ራጅ የተማሩት በወታደርነታቸው ዘመን በጦር ሠራዊት ሆስፒታል ውስጥ ነው። ሠራዊቱ ሲበተን ወደ ትውልድ ቦታቸው ተመልሰው፣ እኔ የደረስኩባትን አሮጌ ማሽን ከሳጥን አውጥተው የገጠሙት እሳቸው ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው። ትምህርት ቤት ስለ ራጅ ያስተማረኝን ሁሉ አላቃልልም፤ ሥራውን የለመድኩት ግን ከእሳቸው ጎን ቆሜ ነው።

ጋሽ ደምሴ በሽተኛ ከመንካታቸው በፊት መዳፋቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ያሞቁ ነበር። የሰቆጣ ጠዋት ይበርዳል። የመሣሪያው ጠረጴዛም ብረት ስለሆነ ጋቢያቸውን አጥፈው ያነጥፉበታል። "እግሬን ያመኛል" ብሎ ለመጣ ሰው፣ "እግርህ ሰፊ ነው፤ በአንድ ጣትህ ጠቁመህ አሳየኝ" ይሉታል። ሰውየው እስኪያገኘው ድረስ ይጠብቁታል፤ አያጣድፉትም። ከዚያ የታመመው ቀኙ ቢሆንም ግራውንም ያነሣሉ። ፊልም ቁጠባ እንቅልፍ የሚነሣው አንድ አለቃ ነበረን፤ "ደህናውን እግር ለምን ታነሣላችሁ?" ብሎ ደብዳቤ ጻፈብን። ጋሽ ደምሴ አልተከራከሩም። አንዱን ፊልም ጨረር በማያሳልፍ የእርሳስ ብረት ሉህ ለሁለት ከፍለው፣ ሁለቱን እግሮች በአንዱ ላይ ማንሣት ጀመሩ። "ደህናውን ካላየሽ የታመመውን በምን ታውቂዋለሽ?" ይሉኝ ነበር።

ጨለማ ክፍል ውስጥ ሰዓት አይመለከቱም። ፊልሙ ኬሚካሉ ውስጥ ሲገባ በዝግታ አቡነ ዘበሰማያት ይደግማሉ። ኬሚካሉ ትኩስ ከሆነ እዚያው ላይ ያወጡታል፤ ያረጀ ወይም የቀዘቀዘ ከሆነ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን ይጨምሩበታል። በቀይ ብርሃን ውስጥ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስና አጥንቱ ከባዶው ፊልም ላይ ቀስ እያለ ሲወጣ እያየሁ ስንት ዓመት ቆሜያለሁ። በበጋ ውኃ በአህያ ተጭኖ ነው የሚመጣልን። ፊልሙ በደንብ ካልታጠበ በዓመቱ ቢጫ ይሆናል፤ ስለዚህ የመጨረሻዋን ጀሪካን ለራሳችን እጅ ሳይሆን ለፊልሙ እናስቀራለን።

በቃላት ላይ ደግሞ ጠንቃቃ ነበሩ። መጀመሪያ ሰሞን የጻፍኩትን ውጤት አይተው፣ "ምንም የለም ብለሽ አትጻፊ" አሉኝ። "አጥንቱ ደህና ነው ብለሽ ጻፊ። ያየሽው አጥንቱን ነው።"

ያን ጊዜ ነገሩ የቋንቋ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ዝማም የመጣችው በአንድ የበጋ ቀን ነው፤ ከባሏ ከሲሳይ ጋር፣ ከሰቆጣ ዙሪያ ገጠር። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ጀርባዋ ላይ እቴነሽ የምትባል ሴት ልጅ አዝላለች። ሲሳይ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ማለት አለብኝ። ሚስቱን በሰው በቅሎ ነው ያመጣት። ከዚያ በፊትም ጸበል ወስዷት ሰንብታለች። ልጅቷ ስታለቅስ ከእናቷ ጀርባ አውርዶ ያባበላት እሱ ነው።

ዝማም አማርኛ ትናገራለች፤ ሕመሟን ለመንገር ግን አማርኛው አልበቃትም። ጋሽ ደምሴ በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣንጛ፣ ጠየቋት። ያን ጊዜ ፊቷ ተፈታ። ረጅም ነገር ተናገረች፤ እሳቸው ወደ እኔ ዞረው ተረጎሙልኝ።

"ስቆም ፍም የረገጥኩ ይመስለኛል ትላለች። ስተኛም ፍሙ አብሮኝ ይተኛል ትላለች።"

በአንድ ጣት አሳዪኝ አሏት። የግራ እግሯን ውስጠኛ ቁርጭምጭሚት፣ ከአጥንቱ ወደ ኋላ ያለውን ጎድጓዳ ቦታ ነካች። ጋሽ ደምሴ መዳፋቸውን አሙቀው እዚያው ላይ በጣታቸው ጫፍ ቀስ ብለው መታ መታ አደረጉት። ዝማም እግሯን ነጥቃ ጮኸች። እሳት ወደ አውራ ጣቷ ሮጠ አለች። በቀኝ እግሯ ላይ ተመሳሳዩን ቦታ ሲመቱት ግን ዝም ብላ ታያቸው ነበር።

ፊልሙ ታጥቦ ሲወጣ የሚያምር ነበር። ከዚያ አሮጌ ማሽን እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ፊልም ወጥቶ አያውቅም። የሁለቱም እግሮች አጥንት ልክ እንደ ተማርነው ነው፤ ስንጥቅ የለው፣ እብጠት የለው፣ የተበላ ቦታ የለው።

"ምን አገኛችሁ?" አለ ሲሳይ።

"አጥንቷ ደህና ነው" አሉት ጋሽ ደምሴ።

"እሰይ! እንግዲያው ምንም የለባትም።"

"እንደሱ አላልኩህም ወንድሜ። አጥንቷ ደህና ነው አልኩህ። ሕመሙ ሌላ ነገር ላይ ነው፤ እኛ የማናየው።"

ሲሳይ ራሱን ነቀነቀ፤ የሰማ ግን አልመሰለኝም። ሐኪሙም የሕመም ማስታገሻ አዝዞላት "እረፍት ያስፈልጋታል" አለ። ፊልሙን በዚያ ዘመን በሽተኛው ይዞት ነው የሚሄደው። ሲሳይ ጠቅልሎ በብብቱ ያዘውና ሄዱ።

ወራት አለፉ። ዝማም ብቻዋን፣ ልጇን አዝላ፣ ምርኩዝ ይዛ ተመለሰች። ራጅ ክፍሉ በር ላይ ተቀምጣ ጠበቀችን። እሷ እንደነገረችን፣ ውኃ መቅዳቱንም መፍጨቱንም እየተወችው ስትመጣ አማቷ ሥራ ጠል ናት አሉ። ቤቱ በነገር ሞላ። ሲሳይ መጀመሪያ ይከላከልላት ነበር፤ በኋላ ግን ያን ፊልም ከሰቀለበት አውርዶ ለጎረቤቱ ሁሉ ያሳይ ጀመር። አሁን ሊፈታት ሽማግሌ ተቀምጧል።

"ፊልሙን አይተው ውሸታም ነሽ አሉኝ" አለች፤ ዓይኗን ከጋሽ ደምሴ ላይ ሳታነሣ። "ያነሣችሁት እናንተ ናችሁ። እናንተው መጥታችሁ ንገሩልኝ።"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ደምሴና እኔ በእግራችን ሄድን። ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ከአንድ ወይራ ሥር ተቀምጠዋል። ዋናው መምሬ ወልዴ የሚባሉ ሽበታም ቄስ ናቸው። በአክብሮት ተቀበሉን። ለጋሽ ደምሴ ድንጋይ ላይ ቦታ ለቀቁላቸው፤ እኔን ከሴቶቹ ጋር አስቀመጡኝ። ዝማም ልጇን ጭኗ ላይ አድርጋ መሬት ላይ ተቀምጣለች።

ሲሳይ ተነሥቶ ፊልሙን ከማዳበሪያ ከረጢት አወጣ። "ይኸው አባቶቼ፤ የመንግሥት ማሽን ያነሣው ነው። ደግሞ ባለሙያዎቹም መጥተዋል፣ ይመስክሩ።"

መምሬ ወልዴ ፊልሙን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ፀሐይ አነሡት። ሽማግሌዎቹ ሁሉ አንገታቸውን አስግገው አዩ። "እግዚኦ ጥበብህ" አሉ አንደኛው። ጥርት ያለው አጥንት ከሰማዩ ላይ ተሰቅሎ ታየ፤ ከሴቶቹ መሐል ሆኜ እኔም አየሁት። እንደዚያ ቀን ፊልም ጠልቼ አላውቅም።

"ደምሴ፣ ይህ አጥንት ጤነኛ አይደለም ወይ?" አሉ መምሬ።

"ጤነኛ ነው መምሬ። ግን ይህ መሣሪያ የሚያየው አጥንት ብቻ ነው። ሥጋውን አያይም፣ ጅማቱን አያይም፣ ነርቩንም አያይም። የእሷ ሕመም ነርቩ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።"

"እንዴት አወቅህ? በምን አየኸው?"

"አላየሁትም። እሷ ነገረችኝ።"

"እሷማ ለእኛም ነግራናለች" አሉ መምሬ። በክፋት አልነበረም፤ ሰዎቹ ግን ሳቁ።

ጋሽ ደምሴ አልሳቁም። "ከፈቀዳችሁ ላሳያችሁ" ብለው ዝማም አጠገብ ተንበረከኩ። መዳፋቸውን እንደ ልማዳቸው አሞቁ። ከቁርጭምጭሚቷ ኋላ በጣታቸው መታ ሲያደርጉት ዝማም ጮኸች፤ ጭኗ ላይ ያለችው ልጅም ደንግጣ አለቀሰች።

"ሰው ሲነኩት ይጮኻል" አሉ አማቷ ከኋላ። "እኔንም ንኩኝና ልጩህላችሁ።"

በዚህ ነገሩ አለቀ። ሽማግሌዎቹ ተመካክረው ፈረዱ፦ ዝማም ጤነኛ ሆና ሳለ ትዳሯን አልሠራችምና ሲሳይ ይፍታት፣ ጥፋቱም የእሷ ነው። ልጅቷ ደግሞ ከአባቷ ዘንድ ትቅር፤ እናቷ ውኃ ቀድታ፣ እህል ፈጭታ ልታሳድጋት አትችልምና።

መታገሥ አቃተኝ። ተነሥቼ "አባቶቼ፣ ጤነኛ ናት ካላችሁ ልጇን ስጧት። አትችልም ካላችሁም ታማለች ማለት ነው፤ ያሳክማት" አልኩ።

መምሬ ወልዴ አተኩረው አዩኝ። ለአፍታ ሐሳባቸው የተነካ መሰለኝ። ከዚያ "እህቴ፣ አንቺ እንግዳ ነሽ" አሉኝ። "ቁጭ በይ።"

ልጅቷን ከዝማም ጭን ላይ ያነሡት አማቷ ናቸው። ዝማም አልታገለችም። የልጅቷን ቀሚስ ጫፍ ይዛ ነበር፤ እንዳይቀደድ የፈራች ይመስል ቀስ ብላ ለቀቀችው።

ስንመለስ ጋሽ ደምሴ ከፊቴ ቀድመው ይራመዱ ነበር። ከተማው ሲታይ ቆም ብለው "ባላነሣላት ይሻል ነበር" አሉ። "ፊልም ባይኖር ኖሮ ቢያንስ በጥርጣሬ ይተዉአት ነበር።" እውነታቸውን ይሁን አይሁን እስከ ዛሬም አላውቅም።

ዝማም ሰቆጣ ገባች። ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሥራ ፈለገች፤ መናኸሪያው አጠገብ ቤት ተከራይታ ቆሎ እየቆላች መሸጥ ጀመረች። እግሯን ከበርጩማ ላይ ሰቅላ ትውላለች። በየሳምንቱ ቅዳሜ የእቴነሽ አባት መንደር ሰዎች ለገበያ ሲመጡ ስለ ልጇ ትጠይቃለች፤ ጥርስ አወጣች፣ ከብት መጠበቅ ጀመረች፣ ትምህርት ቤት ገባች ይሏታል። ጥምቀት ላይ በሩቁ ታያታለች። አንዴ ቀርባ ልትስማት ስትል ልጅቷ ከአያቷ ኋላ ተደበቀች። ከዚያ በኋላ አልሞከረችም።

ከሥራ ስወጣ እሷ ጋ ጎራ ማለት ልማዴ ሆነ። እትዬ አስናቀች ትለኝ ነበር፤ ቆየት ስንል እንደ ታላቅ እህቷ ሆንኩ። ጋሽ ደምሴም አልተዉአትም። አዲስ ሐኪም በመጣ ቁጥር ወስደው ያሳዩአት ነበር። አንዱ ቁርጥማት ነው ይላል፣ አንዱ የቫይታሚን እጥረት ነው ይላል፣ አንዱ ደግሞ ሐዘን ነው አለ። በመጨረሻ ጡረታ ወጡ። ኩላሊታቸው ታመመ። ልጠይቃቸው ስሄድ ስለ ራሳቸው አያወሩም፤ "የዚያችን ልጅ እግር የሚያይ መሣሪያ አልመጣም?" ይሉኛል። ሳይመጣ ዐረፉ።

አልትራሳውንድ የመጣልን ከሚሌኒየሙ በኋላ ነው። ገላ ላይ የሚሄደው የመጀመሪያው መዳሰሻው የእርጉዝ ሆድ ለማየት የተሠራ፣ ትልቅና ቆልማማ ነበር፤ ለእግር አይሆንም። በኋላ ለአንድ ሰሞን ሊያሠለጥነን የመጣ የራዲዮሎጂ ሐኪም ጠፍጣፋና ጠባብ የሆነውን ይዞ መጣ። ወጣት፣ ትሑት፣ ማስተማር የማይሰለቸው ሰው ነበር። አንገት አሳየን፣ ጡት አሳየን፣ ክንድ ላይ ያለ ነርቭ አሳየን። ነርቭ ሲባል እስከዚያ ድረስ በመጽሐፍ እንጂ በሕይወት ካለ ሰው ላይ አይቼው አላውቅም። በአግድሙ ሲታይ የማር እንጀራ ይመስላል፤ ጥቃቅን ጥቁር ዓይኖች በነጭ መስመር ተከበው። ያን እንዳየሁ ሥልጠናውን አቋርጬ ወደ መናኸሪያው ሄድኩ።

"ዝማም፣ ቆሎሽን አውርጂና ነይ" አልኳት።

"ደግሞ ራጅ ነው?" አለች። ራጅ የሚለውን ቃል ስትጠራ ፊቷ እንዴት እንደሚሆን ማየት ያማል።

"ራጅ አይደለም። ይኼ ሌላ ነው።"

ገላ ላይ የሚቀባው ጄል ቀዝቃዛ ስለሆነ ጠርሙሱን ብብቴ ውስጥ አድርጌ አሞቅሁት። መጀመሪያ ደህናውን እግር አየሁ፤ ከቁርጭምጭሚቱ ኋላ የደም ቧንቧው ሲመታ፣ አጠገቡ ያቺ የማር እንጀራ ቁጭ ብላ። ከዚያ ወደ ግራው ዞርኩ። ነርቩን ከላይ ከባቷ ጀምሬ ቀስ እያልኩ ተከተልኩት። ቁርጭምጭሚቷ ጋ ስደርስ አበጠ። መሐሉ ላይ ድፍን ጥቁር ክብ ነገር ተቀምጦ፣ ጥቃቅኖቹን ዓይኖች ሁሉ ወደ ዳር ገፍቷቸዋል፤ ግድግዳ ላይ እንደ ተለጠፈ ወረቀት ሳስተዋል።

ሐኪሙ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። "ጫን አድርጊው" አለኝ። ጫንኩት፤ ደም መልስ ሥር ቢሆን ኖሮ ተጨፍልቆ ይጠፋ ነበር፣ ይህ ግን አልጠፋም። የደም ፍሰት የሚያሳየውን ቀለም አበራን፤ ውስጡ ምንም አይፈስም።

"በነርቩ ውስጥ ያለ የፈሳሽ ከረጢት ነው" አለ። "ዕጢ አይደለም፣ ካንሰርም አይደለም። የእንቁላል ነጭ የመሰለ ወፍራም ውኃ ነው። ብዙ ጊዜ አብሯት ኖሯል።"

ዝማም በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች። "ላየው እችላለሁ?"

ስክሪኑን አዞርኩላት። በጣቴ አሳየኋት። "ይኸው ነርቭሽ። ይኼ ጥቁሩ ደግሞ ሕመምሽ ነው።"

ለረጅም ጊዜ አየችው። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ አላለቀሰችም። "ታዲያ ይታያል እኮ" አለች። ከዚያ ደግሞ "ጋሽ ደምሴ ይህን ሳያዩ ሞቱ?" አለችኝ። እዚያ ላይ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተላከች። ቀዶ ሐኪሙ ከፍቶ ፈሳሹን አወጣላት። ዝማም ፍሙ ጠፋ ብላ እየሳቀች ተመለሰች። ያን ያህል ስትስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ዓመት ሳይሞላ ግን ፍሙ ተመለሰ። ማሽኑን ሳስቀምጥበት ከረጢቱ ከበፊቱ ረዝሞ፣ ነርቩን ተከትሎ ወደ ላይ ወጥቷል። በዚህ ጊዜ ከሥሩ አንድ ቀጭን ክር የመሰለ ነገር ተከትዬ አየሁ፤ ወደ ተረከዝ መገጣጠሚያው ይገባል። ያ ወጣት ሐኪም በስልክ አስረዳኝ፤ ፈሳሹ የሚመጣው ከመገጣጠሚያው ነው፣ በዚያች ክር ይገባል፣ ክሯ ካልታሰረች ሁልጊዜ ይመለሳል። የመጀመሪያው ቀዶ ሐኪም ይህን ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ አልነበረም፤ ያን ጊዜ ብዙ ሰው የሚያውቀው ነገርም አልነበረም።

ሁለተኛ ተከፈተች፣ ክሯ ታሰረች። ከረጢቱ አልተመለሰም። ነርቩ ግን ያን ሁሉ ዓመት ተጨፍልቆ ደክሞ ነበርና አልዳነም። ሕመሙ ሲሄድ ስሜቱም አብሮ ሄደ። የግራ ጫማዋ ውስጥ ድንጋይ ቢገባ አታውቅም፣ ውኃው ቢያቃጥል አታውቅም። "በየማታው ውስጥ እግርሽን በእጅሽ ዳስሺ፣ በዓይንሽ እዪ" እያልኩ አሳስባታለሁ፤ እሷም ታደርገው ነበር።

አንድ ቀን ቆሎ ስትቆላ ከምጣዱ ሥር ፍም ተፈናጥሮ ጫማዋ ውስጥ ገባ። ሽታውን ነው ያወቀችው። "ምን ነው የሚሸተው እያልኩ ዙሪያዬን አየሁ" አለችኝ፤ "የራሴ እግር ነው።"

ቁስሉ አልድንም አለ። በየቀኑ አጥቤ አሽገዋለሁ፤ ነርሶቹም የተቻላቸውን ያህል ደከሙ። በመጨረሻ ሐኪሙ ራጅ ጠየቀ። ያነሣሁት እኔ ነኝ። የአውራ ጣቷ ሥር ያሉት አጥንቶች እንደ ነቀዘ እንጨት ተበልተዋል። ያን ያህል ዓመት ዝም ያለው መሣሪያ አሁን ተናገረ፤ ግን ምን ያደርጋል? እግሯ ከጉልበቷ በታች ተቆረጠ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ገና አልጋ ላይ ሳለች አንዲት ወጣት ለደረት ራጅ መጣች። ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ ነው፤ በዚያ ሰሞን ሰቆጣ ባለችበት በዋግ አገር ሴት ልጁን ወደዚያ ያልላከ ቤት አይገኝም ነበር። ወረቀቷን ሳይ እቴነሽ ሲሳይ ይላል፤ መንደሩም ያው ነው። ደረቷን አነሣሁ፤ ሳንባዋ ንጹሕ ነው። ከዚያ "እናትሽ የት ናቸው?" አልኳት።

"ትንሽ ልጅ እያለሁ ጥላኝ ሄደች" አለች፤ ብዙ ጊዜ እንደተናገረችው ዓይነት አነጋገር።

እንድትጠብቀኝ ነግሬያት ወደ ዝማም ሄድኩ። "ልጅሽ እዚህ ናት። ልጥራት?" ስላት ደነገጠች። ነጠላዋን አስተካከለች፤ የተቆረጠውን እግሯን በብርድ ልብሱ ሸፈነች፤ ደግሞ ገለጠችው፤ ደግሞ ሸፈነችው። "ጥሪያት" አለች።

እናትሽ እዚህ ናት ብዬ አመጣኋት፤ እቴነሽ በሩ ላይ ቆመች። አልገባችም፣ አልሄደችም። ዝማም አየቻት። ለዚያ ቀን ልትላት ያዘጋጀችው ብዙ ነገር እንደነበረ አውቃለሁ፤ መናኸሪያው አጠገብ ስንት ጊዜ ነግራኝ ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"እግርሽን ያምሻል?" አለቻት።

ልጅቷ ግራ ገባት። "አያመኝም።"

"ስትቆሚስ? ስትተኚስ? ተረከዝሽ አካባቢ?"

"አያመኝም አልኩ እኮ።"

"ጫማሽን አውልቂ። እትዬ አስናቀች፣ በዚያ በማሽኑ እዪልኝ። ሁለቱንም።"

እቴነሽ ወደ እኔ ዞረች፤ ብርድ ልብሱ ሥር ያለውን ጎዶሎ ያየችው ያን ጊዜ ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች። አልትራሳውንዱን አምጥቼ ሁለቱንም እግሮቿን አየሁላት፤ ደህና ነበሩ። ለእናቷ ስነግራት ትንፋሿን ለቀቀች።

"አያቴ ሥራ ጠልተሽ ጥለሽኝ እንደሄድሽ ነው የነገረችኝ" አለች እቴነሽ፤ ዓይኗ ወለሉ ላይ ነው።

"ጥዬሽ አልሄድኩም" አለች ዝማም። "ከለከሉኝ።"

እኔ ወጣሁ። የቀረውን እነሱ ያውቁታል። እስከ ጉዞዋ ድረስ ግን እቴነሽ እየመጣች ቁስሉን ስታጥብላት አያት ነበር።

የምትሄድበት ቀን መናኸሪያው በወላጆች ተሞልቶ ነበር። የወልድያው አውቶብስ ላይ ዕቃ ይጫናል። ዝማም በሁለት ክራንች፣ እኔ ከጎኗ። ሲሳይም መጥቷል፤ ሸብቷል፣ ጎብጧል። ከመንደሩ ሰዎች ተለይቶ ወደ እኛ መጣና ዝማም ፊት ቆመ። ወደ ታች፣ እግሯ ወደነበረበት ቦታ አየ።

"ፊልሙን አይቼ ነው እኮ" አለ።

"አውቃለሁ" አለችው።

ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ቆየ። አውቶብሱ ሲነሣ እቴነሽ በመስኮት ወጣ ብላ ተጣራች። የመንደሯ ሰው ሁሉ፣ የሚያውቃትም የማያውቃትም፣ ዞሮ አየ። ሲሳይ እጁን አነሣ፤ የጠራችው ግን እሱን አልነበረም።

ዝማም ከዚያ በኋላ ብዙ ክረምት አላየችም። ያረፈችው ልጇ ገና ባሕር ማዶ ሳለች ነው፤ መርዶውን በስልክ የነገርኳት እኔ ነኝ። ስለዚያ ቀን ግን ደጋግሜ አስባለሁ። አውቶብሱ ከታጠፈ በኋላ ወደ ቤቷ እየደገፍኳት ስንሄድ መንገድ መሐል ቆመች።

"ስትጠራኝ ሰማሽ?" አለችኝ።

"ሰማሁ።"

"እስቲ ንገሪኝ፤ ምን አለች?"

"እማዬ አለች" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀችና ክራንቿን አስተካክላ መራመድ ጀመረች።